ስለ ሳንባ ካንሰር የናሙና ግምጃ ቤት፤ ከአቦምሳ ሆኖ ሲታይ

በአውሮጳና በአሜሪካ፣ በሩቅ ምሥራቅም ጭምር፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ቀድሞ እያንዳንዳቸው በየግቢያቸው ተከልለው ይሠሩት የነበረውን የካንሰር ምርምር አስተባብረው፣ የሳንባ ካንሰር ያደረባቸው ሕሙማን በፈቃዳቸው የሚሰጡትን የዕጢ ቁራሽ፣ ደምና የሕመም ታሪክ በአንድ የጋራ ግምጃ ቤት ማኖር ከጀመሩ ወዲህ፣ ስለዚህ ክፉ ደዌ ያለው እውቀት እጅግ እየሰፋ ሄዷል። የዘመኑ ሊቃውንት ባዮባንክ የሚሉት ይህ የናሙና ግምጃ ቤት የተፈጠረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሐኪሙ በሽተኛውን በየዕለቱ ያያል እንጂ በዕጢው ሕዋስ ውስጥ የተለወጠውን የዘር ፊደል እየለየ ለማንበብ ጊዜውም መሣሪያውም የለውም፤ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ደግሞ መሣሪያው እያለው በሽተኛው የለውም፤ አንድ ሆስፒታል ብቻውን በዓመት የሚያገኛቸው ሕሙማን ቁጥርም አንዱን የካንሰር ዓይነት ከሌላው ለይቶ ለመፍረድ አይበቃም።

በብሪታንያ በ2014 የተጀመረውና ፕሮፌሰር ቻርልስ ስዋንተን የሚመሩት ትሬሰርኤክስ የተባለው ጥናት የዚህ መተባበር ዋነኛ ምሳሌ ነው (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት፣ የአዋጆች ቁጥር ሲቀር፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በልዩ ልዩ ከተሞች ያሉ ሆስፒታሎች ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወጣውን ዕጢ ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ቦታ እየቆረጡ ለጥናቱ ያስረክባሉ፤ በሽተኛውንም በሽታው ከታወቀበት ቀን አንሥቶ እስኪድን ወይም ደዌው ተመልሶ እስኪያገረሽበት ድረስ ይከታተሉታል። በ2023 የመጀመሪያዎቹን 421 ሕሙማን የሚመለከተው ውጤት ሲወጣ፣ በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ያለ አንድ ዕጢ እንኳ የብዙ ቅርንጫፍ ትውልድ መሆኑ፣ መድኃኒት አንዱን ቅርንጫፍ ሲያደርቅ ሌላው ለምን እንደሚያቆጠቁጥም በጉልህ ታየ። በዚያው ዓመት እነዚሁ ተመራማሪዎች ካንሰር ካልያዘው የሳንባ ሥጋ የተወሰዱ ናሙናዎችን መርምረው፣ ከመቶው በ18ቱ ውስጥ ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረ መል ላይ ለካንሰር የሚያበቃ ለውጥ አገኙ። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ የደዌው ዘር በዕድሜ ብዛት በጤናማ ሳንባ ውስጥም ተዘርቶ ይኖራል፣ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ግን ከአየር ጋር የሚገባው እጅግ ደቃቅ ብናኝ በሳንባ ውስጥ የሚያስነሣው ቁጣ ነው። ይህን ማወቅ የተቻለው አንድ ሰው ብልህ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሆስፒታሎች ለብዙ ዓመታት በሥርዓት ያኖሩት ናሙና በእጅ ስለነበረ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱ የሚገኘው በለንደን ሳይሆን በገዛ ማድ ቤታችን ነው። አቦምሳ፣ የመርቲ ወረዳ መዲና፣ ከአርሲ ደጋ ግርጌ ወደ አዋሽ ቆላ በምትመለከት ስፍራ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ፣ እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ሁሉ፣ ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ከአዳማ ወደ መተሐራ የሚወስደውን ጎዳና የሄደ መንገደኛ የግራር ከሰል በማዳበሪያ እየተሞላ በመንገድ ዳር ተደርድሮ ሲሸጥ አይቷል። የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ከመቆረጡ በፊት ሲቃጠል የሚነሣው ጭስም በዙሪያው ለሚኖረው ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ በማያጠራጥር ማስረጃ የተረጋገጠ ነው ሲል፣ የእንጨትና የመሰለው ማገዶ ጭስ ግን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም በሚለው፣ ማስረጃው ገና ባልተሟላው መደብ ውስጥ አኑሮታል። ማስረጃው ያልተሟላው ጭሱ ንጹሕ ስለ ሆነ አይደለም፤ በእንጨት ጭስ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ባዮባንክ በሌለበት አገር የሚኖር በመሆኑም ጭምር ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አገራችን ከሌላው ዓለም የምትለይበትን ነገር ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ 5 ብቻ ነበር፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 ከመቶ። ይህ በረከት ነው፤ ጃፓን ቶባኮ በ2016ና በ2017 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን አብዛኛ አክሲዮን ብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የገዛው ግን ይህን ቁጥር ባለበት ለማቆየት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ማጨስን ከሕዝብ መሰብሰቢያ ስፍራዎች የከለከለውና በፓኮው ላይ አስፈሪ ሥዕል እንዲታተም ያዘዘው አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም የወጣው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። ለምርምር ግን የትምባሆው ማነስ ትልቅ ሀብት ነው። በእንግሊዝ የሚሰበሰበው የሳንባ ዕጢ አብዛኛው ትምባሆ ካጨሰ ሰው የመጣ ስለ ሆነ፣ የጭሱን ሥራ ከሲጋራው ሥራ ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ሲጋራ በአፏ ነክታ የማታውቅ፣ ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በጭስ ፊት እንጀራ ስትጋግር ያረጀች የአርሲ ወይም የምንጃር እናት በሳንባ ካንሰር ብትታመም ግን፣ በዕጢዋ ውስጥ የተጻፈው ታሪክ ለዓለም ሊቃውንት ከብዙ ሺህ የአጫሾች ናሙና የማይገኝ ምስክርነት ነው። በቻይና የዩናን ግዛት፣ በሹዋንዌ አውራጃ፣ ትምባሆ የማያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር በብዛት መሞታቸው ከምድጃቸው የድንጋይ ከሰል ጭስ መሆኑ ታውቆ፣ የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ በገቡት ቤቶች በሽታው መቀነሱ በ2002 ታትሞ ወጥቷል። ለእንጨትና ለግራር ከሰል እንዲህ ያለውን መልስ ሊሰጥ የሚችለው የእኛ አገር ነው።

ለሕክምናውም ቢሆን ጥቅሙ ቀጥተኛ ነው። ከ2004 ጀምሮ እንደታወቀው፣ ኢጂኤፍአር የተለወጠበት የሳንባ ካንሰር በአፍ በሚዋጥ ክኒን ለብዙ ጊዜ ሊገታ ይችላል፤ በምሥራቅ እስያ አዴኖካርሲኖማ ከሚባለው የሳንባ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ይህ ለውጥ ሲኖርበት፣ በአውሮጳውያን ዘንድ ግን እጅግ ያነሰ ነው። በአፍሪካ፣ ይልቁንም በምሥራቅ አፍሪካ፣ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያስረዳው ናሙና ጥቂት ነው፤ ሐኪሙም ክኒኑን ለማዘዝ፣ መንግሥትም ለመግዛት የሚመሠረቱበት ነገር አነስተኛ ነው።

ቁጥሩን ስንመለከት፣ በ2022 በዓለም ላይ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው አዲስ የሳንባ ካንሰር ተገኝቶበት 1.8 ሚሊዮን ሞቷል፤ ከካንሰር ሁሉ አብልጦ የሚገድል ይህ ነው። በኢትዮጵያ በዚያው ዓመት የሁሉም ዓይነት ካንሰር አዲስ ሕሙማን ቁጥር 80 ሺህ ያህል ተብሎ የተገመተ ሲሆን፣ በተራው ፊተኞቹ የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው፣ ሳንባው ወደ ኋላ ነው። ግን ግምት መሆኑን አንርሳ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተቋቋመው በ2011 ነው፤ የአገሩ ግምት በአብዛኛው የተቀዳው ከዚህ ከአንድ ከተማ መዝገብ ነው። የአቦምሳ ገበሬ ሳል ይዞት ደም ቢተፋ መጀመሪያ የሚጠረጠርበት ቲቢ ነው፤ አገሩ የቲቢ አገር ስለ ሆነ ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ አክታው ምንም ባያሳይም የቲቢውን መድኃኒት ለስድስት ወር ሊወስድ ይችላል፤ ሳይሻለው ሲቀር ወደ አሰላ ወይም ወደ አዳማ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ብሮንኮስኮፒ በሚባለው የሳንባ መመልከቻ ቱቦ ታይቶ የሥጋ ቁራሽ እስኪወሰድለት ድረስ ዕጢው ከሳንባው አልፎ ሊሰራጭ ይችላል፤ ወይም ወገኖቹ መሬት ሸጠው ከማሳከም ይልቅ ወደ ቤቱ ይመልሱትና ሳይመዘገብ ያርፋል። ስለዚህ የመዝገባችን ማነስ የበሽታውን ማነስ ብቻ ያሳያል ብዬ አላምንም፤ የቲቢ ጠባሳ ራሱም በኋላ ለሚመጣ የሳንባ ካንሰር መንገድ ሊያዘጋጅ እንደሚችል ጥናቶች ስለሚያመለክቱ፣ ሁለቱ ደዌዎች በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበት አገር ይህን ለይቶ የሚያይበት ግምጃ ቤት እጅግ ያስፈልገዋል።

ባዮባንክ ሲባል ብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ሣጥን ወይም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። እኔ ግን እንደ አቦምሳ ላሉ የሪፍት ሸለቆ ከተሞች መጀመሪያው ይህ ሊሆን አይገባም እላለሁ። መብራት ሲጠፋ፣ የጄኔሬተሩም ናፍጣ ሲያልቅ፣ የብዙ ዓመት ድካም በጥቂት ቀን ይቀልጣል፤ ገንዘቡም በማቀዝቀዣ አልቆ ለሰው ደመወዝ ሳይተርፍ ይቀራል። ፓቶሎጂስቶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት የኖሩት የፓራፊን ሰም ግን መብራት አይሻም፤ በፎርማሊን ተጠብቆ በሰም የታሸገ የዕጢ ቁራሽ በደረቅ መደርደሪያ ላይ ለዐሥርተ ዓመታት ይቆያል፣ የዘር ፊደሉም ይነበባል። የሚፈልገው ጥንቃቄ ነው። ፎርማሊኑ በመጠኑ የተበጠበጠና አሲድነቱ የተስተካከለ ሊሆን ይገባል፤ ቁራሹ ከሰውነት ከወጣ ሳይውል ሳያድር ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ ከገባም በኋላ ከሦስት ቀን በላይ አለመቆየት አለበት፤ ብልቃጡ በአውቶቡስ መናኸሪያ ሳምንት ከከረመ ግን የዘር ፊደሉ ተበጣጥሶ የማይነበብ ይሆናል። ከዕጢው ወደ ደም የሚፈሰውን የዘር ቅንጣት በክፍል ሙቀት ለብዙ ቀን ጠብቆ የሚያቆይ ልዩ የደም ብልቃጥም ዛሬ ስላለ፣ ሳንባው ሊወጋ ከማይችል ደካማ በሽተኛ እንኳ በአቦምሳ ሆስፒታል ደም ቀድቶ ወደ አሰላ መላክ ይቻላል። ሰሙና ደሙ መልካም ሆነው ሲሰነብቱ በረዶው በጊዜው ይደረስበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ግን መዝገቡ ነው። ታሪኩ ያልተጻፈ ናሙና ባለቤቱ እንዳልታወቀ ንዋየ ቅድሳት ነው፤ ገበዙ በዕቃ ቤት ቢያኖረውም ማን እንደ ሰጠውና ለምን እንደ ሰጠው የሚመሰክር የለም። ሕመምተኛዋ ስንት ዓመት በምን ማገዶ አበሰለች፤ ማድ ቤቷ መስኮት ነበረው ወይስ አልነበረውም፤ ባሏ ያጨስ ነበር ወይ፤ ጋያ ጠጥታ ታውቃለች ወይ፤ ቲቢ ታክማ ነበር ወይ፤ በኑራ ኤራ ወይም በመርቲ እርሻ የተባይ መድኃኒት ስትረጭ ኖራለች ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች በአዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ ከዓመት በኋላ በስልክ ሊጠይቅ አይችልም፤ ሊጠይቅ የሚችለው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያነጋግራት፣ ቀበሌዋን የሚያውቅ የወረዳ ሆስፒታል ባለሙያ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ግምጃ ቤቱ የሚጀመረው በአዲስ አበባ ሕንጻ ሳይሆን በአቦምሳ የካርድ ክፍል ነው ማለቴ ማጋነን አይደለም።

ለመተባበሩ መሠረት የሚሆኑ ተቋማት ግን በእጃችን አሉ። በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ የጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ሄንሪክ ሄይነ ዩኒቨርሲቲ ከዚሁ ጋር ተባብሮ ያቋቋመው የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋምም እዚያው ነው። በአዳማ፣ ቀድሞ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ይጠራ የነበረው ሆስፒታል ዛሬ የሕክምና ኮሌጅ ነው። በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ፣ በ1965 በተመሠረተው የአለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በ1970 ያቋቋሙት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከሁሉ ይልቅ ሊያስተምረን የሚችለው ነው፤ ላቦራቶሪው ከሕሙማኑ አጠገብ እንዲቆም የተደረገው ሆን ተብሎ ነበርና፣ የሥጋ ደዌ በሽተኛው ቁስል ሲታጠብ የተወሰደው ናሙና ግቢውን ሳይለቅ ይመረመር ነበር። በአህጉራችን ደረጃም፣ በ2010 የተጀመረው ኤች3 አፍሪካ የተባለው የዘር ጥናት ማኅበር፣ የአፍሪካውያን ናሙና በአፍሪካ ምድር እንዲቀመጥ በዩጋንዳ፣ በናይጄሪያና በደቡብ አፍሪካ ሦስት ግምጃ ቤቶችን አቋቁሟል። የሚቻል ነገር መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከሰው ሥጋ ቆርሶ ለማኖር ግን የሰው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ደግሞ በፊርማ ብቻ አይገኝም። በዚህ ረገድ የወላይታን ነገር ሳላነሣ ላልፍ አልችልም። ባዶ እግራቸውን በቀይ አፈር ላይ የሚሄዱ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ከአፈሩ የሚመጣ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ቢያስረዱም፣ በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው መያዙ በዘርም ይሆን የሚል ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። ይህን ለማጣራት የተነሡት ተመራማሪዎች ናሙና ከመሰብሰባቸው አስቀድሞ ወደ መንደሩ ወርደው ሕዝቡን ጠየቁ፤ ሕዝቡም የፈራው መርፌውን ብቻ አልነበረም፤ በሽታው የዘር ነው ተብሎ ቢታወጅ ሴት ልጁ የሚያገባት አጥታ እንዳትቀር ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ሰምተው አቀራረባቸውን ለወጡ፤ ጥናቱን የሚያብራሩበትን ቃልና ሰው በሕዝቡ ምክር አስተካከሉ። በ2012 በታላቁ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣው ውጤት 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽሮ፣ ኤችኤልኤ በሚባሉት ዘረ መሎች አካባቢ ያለ ልዩነት አንዳንዱን ሰው ለአፈሩ ይበልጥ እንደሚያጋልጠው አሳየ። ለሕዝቡ የደረሰው ምክር ግን ስለ ዘር የሚያሳፍር አልነበረም፤ ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን ታጠቡ፣ ከሕፃንነት ጀምሩ የሚል ነበር። የሳንባውም ምርምር በመጨረሻ የሚያደርሰን ወደ ምድጃውና ወደ ጭስ መውጫው ሳይሆን አይቀርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ናሙና የሚሰበስብ ሰው ሁለተኛው ዕዳ መመለስ ነው፤ በዚህም አገራችን ክብርም ሐዘንም አይታለች። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማእከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ የገበሬውን የጤፍ፣ የማሽላና የስንዴ ዘር ሰብስቦ ብቻ አላስቀመጠም፤ በድርቁ ዘመን ዘሩ የጠፋበት ገበሬ ከራሱ አገር ዘር ወደ ማሳው እንዲመለስለት አደረገ። ዶክተር መላኩ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት በዚህ ሥራ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በተደረገው የጤፍ ውል ኢትዮጵያ ልታገኘው ከነበረው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል ሳይደርሳት ኩባንያው ፈረሰ፤ ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር የተሰጠው ፓተንትም ከብዙ ዓመት በኋላ በሄግ ፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ በሥራ ላይ ቆየ። የጤፍ ዘር የዚህን ያህል ካስጨነቀን፣ ለሰው ዕጢማ ይልቁን! ዕጢው ወይም ከእርሱ የተነበበው የዘር ፊደል ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ፣ በየትኛው ውል፣ ለስንት ዓመት፣ ለየትኛው ጥያቄ እንደ ሆነ መጻፍ አለበት። ቁራሹ በአገር ውስጥ ሰም ሆኖ ቢቀመጥና ንባቡ በኢንተርኔት ቢላክ እንኳ የሄደው ነገር ሰውዬው ራሱ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃውን በሚመለከት መነሻ የሚሆን ሕግ ነው፤ የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች የመጀመሪያው ናሙና ከመቆረጡ አስቀድሞ በዚህ ላይ ሊስማሙ ይገባል።

ስለ መመለሱ የምጠይቀው ግልጽ ነገር ነው። በአንድ ናሙና ውስጥ በክኒን ሊታከም የሚችል ለውጥ ቢገኝ፣ ውጤቱ የመጽሔት ጽሑፍ እስኪሆን ሳይጠበቅ ወደ አቦምሳ ሆስፒታል ሐኪም በሳምንታት ውስጥ ሊደርስ ይገባል፤ ክኒኑን የሚገዛው ማን እንደ ሆነም በውሉ ሊጻፍ ይገባል፤ ሊታከም የሚችል መሆኑ ተነግሮት መድኃኒቱን የሚያጣ በሽተኛ ከማያውቀው ይልቅ ይጨነቃልና። ብዙዎቹ ሕሙማን ዘግይተው ስለሚመጡ መልሱ ሳይደርስ የሚያርፉም ይኖራሉ። ለእነርሱ በፈቃድ ቅጹ ላይ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ እኔ ካረፍሁ ውጤቱ ለማን ይነገር የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ የተሰየመውም ወራሽ፣ ልጅም ሆነ እኅት፣ ቤት ለቤት በምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ይፈለግ፤ እናቲቱ ባበሰለችበት ማድ ቤት ዛሬ የምታበስለው ልጇ ናትና፣ ጭሱ አጥፊ ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ ሊነገራት የሚገባው ለእርሷ ነው። ለዚህም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ከውጭም ሆነ ከአገር ውስጥ ከሚመጣ የምርምር ድጎማ ሁሉ የተወሰነው ድርሻ ለወረዳው ሆስፒታል የካርድ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለፎርማሊን፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ የመንገድ አበል፣ የጭስ መውጫ ላለው ምድጃም እንዲውል፣ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ የአዳማው የሕክምና ኮሌጅና ጥቁር አንበሳ በሚፈራረሙት ሰነድ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ የአቦምሳ ሆስፒታልም ናሙና ላኪ ብቻ ሳይሆን አራተኛው ፈራሚ ይሁን።